ጠንካራ ጥንድ ይዘህ ሊሚት ፖከር ላይ መቼ ነው የምትጨምረው?

ሐዋሳ፣ በተለይ እኛ ሰፈር፣ ኮንከር የማይችል የለም ማለት ይቻላል። ፖከርን ያመጡት ግን ስልክ ላይ የለመዱት ልጆች ናቸው። እነሱ የለመዱት ደግሞ ገደብ የሌለውን ነው፤ "ሁሉንም አስገብቻለሁ!" ብሎ ጠረጴዛ መደብደብ ያለበትን። እኛ ማታ በረንዳ ላይ የምንጫወተው ሊሚቱን ነው። እዚህ የሚያዘው መጠን የተቆረጠ ነው፤ ሰው በአንድ ጊዜ ማስደንገጥ አይቻልም። ለዚህ ነው ኤስ ጥንድ ይዞ የተሸነፈ ልጅ ሁሌ "ሊሚት ዕድል ብቻ ነው" እያለ የሚያማርረው። ዕድል ብቻ አይደለም። የጨመረበት ሰዓት ነው።

የምንጫወተው በቆርኪ ነው፣ ብር የለም። ቆርኪው ያለቀበት እሁድ አሞራ ገደል ወስዶ ዓሳ ይጋብዛል፤ ስድስት ሰው ዓሳ ጋብዞ የሚያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ቅጣት እንዳልሆነ ያውቃል። በብር ካልሆነ አይጥመኝም የምትል ከሆነ እኔ አልመክርህም፣ ሂሳቡ ግን ያው ነው።

የትኛው እጅ የትኛውን እንደሚበልጥ ታውቃለህ ብዬ ነው የምጽፈው። ፍላሽና ስትሬት ምን እንደሆኑ ካላወቅህ መጀመሪያ እሱን ተማርና ተመለስ።

1. መጠኑን እንስማማ

የእኛ ጠረጴዛ እንዲህ ነው። ከአዳዩ ግራ ያለው 1 ቆርኪ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው 2 ቆርኪ በግድ ያስገባሉ፤ ትንሹና ትልቁ ብላይንድ የምንላቸው። ሁለት ሁለት ካርታ ታድሎ፣ ከዚያም ጠረጴዛ ላይ ለሁላችንም የሚገለጡት ሦስቱ ካርታ፣ ማለትም ፍሎፕ ወርዶ፣ ማስያዝም መጨመርም በ2 በ2 ነው። አራተኛው ካርታ ተርን፣ አምስተኛው ሪቨር ላይ ሲደርስ በ4 በ4 ይሆናል። በአንድ ዙር አንዱ ካስያዘ በኋላ ሦስት ጊዜ ብቻ መጨመር ይቻላል፤ በብዙ ቦታም ልማዱ ይሄው ነው።

ከዚህ ሁሉ በደንብ ልትይዘው የሚገባህ ተርን ላይ ዋጋው እጥፍ መሆኑን ነው። ኋላ እንመለስበታለን።

ሌላው ደግሞ ጨዋታው ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ስለዚህ በቀኝህ የተቀመጠው ካንተ በፊት ይወስናል፣ በግራህ ያለው ካንተ በኋላ። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ይሄ ነው።

2. ሁለቱ ካርታ እጅህ ላይ ሲገባ

ኤስ ኤስ፣ ኪንግ ኪንግ፣ ኩዊን ኩዊን ከሆነ ጨምር። አትዘግይ፣ አታድፍጥ፣ "ዝም ብዬ ላታልላቸው" አትበል። ኤስ ጥንድ የሚመጣልህ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው፤ መጥቶ ሳለ በ2 ቆርኪ ብቻ ማሳለፍ ያሳዝናል።

ብዙ ሰው የሚለው ምን መሰለህ፦ "ሰው ከበዛ ኤስ ጥንድ ይሸነፋል፣ ለምን እጨምራለሁ?" እስቲ ቁጥሩን እንየው። ኤስ ጥንድ ማንኛውንም ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር እስከ መጨረሻ ቢሄድ ከመቶ 85 ጊዜ ገደማ ያሸንፋል። ከአራት ሰው ጋር ሲሆን ወደ 56 ይወርዳል። ወረደ አይደል? አዎ ወርዷል። ግን አምስት ሰው እኩል ቆርኪ እያስገባ ባለበት ጨዋታ የያንዳንዱ ድርሻ ከመቶ 20 ነው። አንተ 56 አለህ። ሌሎቹ የሚያስገቡት እያንዳንዱ ቆርኪ ለአንተ ይሠራል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ትሸነፋለህ፣ ያሸነፍክ ቀን ግን የምትሰበስበው ይበልጣል። ሰው የሚያስታውሰው የተሸነፈበትን ብቻ ስለሆነ ነው "ኤስ ገደለኝ" የሚባለው።

ጃክ ጥንድና አሥር ጥንድም አብዛኛውን ጊዜ ይጨመርባቸዋል። ከፊትህ አንዱ ጨምሮ ሌላው ደግሞ በላዩ ላይ ከጨመረ ግን፣ በተለይ ሁለተኛው እንደኛ ጋሼ ዓይነት ከሆነ (ጋሼ በሌላ ሰው ላይ ሲጨምሩ ብርድ ብርድ ይልሃል)፣ ረጋ በል።

3. ፍሎፕ ወርዷል፤ ጥንድህ አሁንም ጠንካራ ነው?

ጠንካራ ጥንድ የምለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ እጅህ ላይ ያለው ጥንድ ጠረጴዛው ላይ ከወረዱት ሁሉ ሲበልጥ፣ ለምሳሌ ኩዊን ጥንድ ይዘህ ጃክ፣ 8፣ 3 ሲወርድ። ሌላው ከጠረጴዛው ትልቁ ካርታ ጋር ስትጣመርና አጃቢ ካርታህ ትልቅ ሲሆን፣ ለምሳሌ ኤስና ኪንግ ይዘህ ኪንግ፣ 9፣ 4 ሲወርድ። ኪንግ ከ6 ጋር ይዘህ ኪንግ ሲወርድ ደስ ይላል፣ ግን እሱን ጠንካራ አልልም።

እጅህ ላይ ያለው ጥንድ የሚበልጠው ካርታ ፍሎፕ ላይ የመውረዱ ነገር ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ኪንግ ጥንድ ይዘህ ኤስ የሚወርደው ከመቶ 23 ጊዜ ገደማ ነው። ኩዊን ጥንድ ይዘህ ኤስ ወይም ኪንግ 41። ጃክ ጥንድ ሲሆን 57። አሥር ጥንድ ሲሆን ወደ 70። ስለዚህ ጃክ ጥንድ ይዘህ ፍሎፑ 10፣ 7፣ 3 ከሆነ ጥሩ ወርዶልሃል። ኤስና ኪንግ ወርደው አራት ሰው ካለ ግን፣ አንዱ አስይዞ ሌላው ከጨመረ፣ ካርታህን ጣል። ቅድም ቆንጆ ነበር፣ አሁን አይደለም።

4. ማን አስያዘ? በየት በኩል?

ፍሎፕ ላይ ለመጨመር ሁለት ምክንያት ብቻ ነው ያለህ፤ ወይ ሰው ለማስወጣት፣ ወይ ሰው ለማስከፈል። የትኛውን እየሠራህ እንደሆነ ሳታውቅ ከጨመርክ በግምት ነው የምትጫወተው።

ለማስወጣት መጀመሪያ ተቃዋሚህ ምን ዋጋ ሲያገኝ መቆየቱ ልክ እንደሚሆን ማወቅ አለብህ። ቀጣዩ ካርታ ላይ ብቻ አስብ። ፍላሽ ሊሞላለት አንድ ካርታ የቀረው ሰው 9 የሚያድኑት ካርታ አለው፤ ለሚያወጣው 1 ቆርኪ መሐል ላይ ከ4 ትንሽ በላይ ካለ መቆየቱ ልክ ነው። ከሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ስትሬት የሚጠብቅ 5 ገደማ ይበቃዋል። ትንሽ ጥንድ ይዞ ሁለት ጥንድ ወይም ሦስተኛ ካርታ የሚጠብቅ፣ 5 የሚያድን ካርታ ያለው፣ ከ8 በላይ ያስፈልገዋል። መሐሉ የጎደለ ስትሬት የሚጠብቀው 10 ተኩል አካባቢ። እነዚህን አራት ቁጥሮች ያዛቸው፣ ሌላ ሒሳብ አያስፈልግህም።

አሁን ወደ በረንዳው እንምጣ። ኩዊን ጥንድ ይዘህ ጨመርክ፤ ከኋላህ ነርሷና የባጃጅ ሾፌሩ ከፈሉ፣ ትልቁ ብላይንድ ላይ ያሉት ጋሼም ከፈሉ፣ ትንሹ ብላይንድ ጣለ። አራት ሰው በ4 ቆርኪ 16፣ የጣለው 1 ሲጨመር 17። ጃክ፣ 8፣ 3 ወረደ፣ ሁለቱ ልብ ናቸው። ጋሼ 2 አስያዙ። ቀጥሎ አንተ ነህ፣ ካንተ በኋላ ሁለት ሰው አለ።

2 ብቻ ከፍለህ ዝም ብትል መሐሉ 21 ይሆናል፤ ነርሷ 2 አውጥታ 21 ታያለች፣ ለአንድ ቆርኪ አሥር ተኩል። 8 ጥንድ ይዛ ብትቆይ ልክ ነች። መሐሉ የጎደለ ስትሬት እንኳ ቢሆን ብዙም አታጠፋም። ወደ 4 ካሳደግህ ግን መሐሉ 23 ሆኖ እሷ 4 መክፈል አለባት፤ ለአንድ ቆርኪ ከ6 በታች። 8 ጥንድ ያላት ከሆነ ከጣለች ደስ ይልሃል፣ ከቆየችም ያለ ዋጋዋ ከፈለች ማለት ነው፤ በሁለቱም አንተ ተጠቀምክ። ስለዚህ እዚህ ጋ ወዲያው ጨምር። ያስያዘው በቀኝህ፣ ገና ያልወሰኑት በግራህ ሲሆኑ ሬይዝ፣ ማለትም መጨመር፣ ዋጋ አለው።

ልብ ሁለት ይዞ ፍላሽ የሚጠብቀው ልጅስ? እሱ አይወጣም። አሞራ ገደል ላይ ዓሳ አጥማጁን ከቦ እንደሚቆም አባ ኮዳ ነው፣ ብትገፋው ሁለት እርምጃ ሄዶ ይመለሳል። ለአንድ ቆርኪ ከ4 በላይ እያገኘ ስለሆነ መቆየቱም ልክ ነው። እሱን ለማስወጣት አትድከም፣ አስከፍለው።

ሁለተኛው ሁኔታ የተገላቢጦሽ ነው። አንተ አዳይ ነህ፣ መጨረሻ የምትወስነው አንተ ነህ። ሦስት ሰው 2 2 ከፍሎ ገባ፣ አንተ ኤስና ኪንግ ይዘህ ጨመርክ፣ ትንሹ ብላይንድ ጣለ፣ የቀሩት ሁሉ ከፈሉ፤ አምስት ሰው፣ 21 ቆርኪ። ኪንግ፣ 9፣ 4 ወረደ። ትልቁ ብላይንድ 2 አስያዘ፣ አንዱ ጣለ፣ ሁለቱ ከፈሉ፣ መሐሉ 27 ሆነ። አንተ ወደ 4 ብታሳድግ 31 ይሆናል፣ እነሱ የሚጠየቁት 2 ብቻ ነው። ለአንድ ቆርኪ አሥራ አምስት ተኩል! ማንም አይወጣም፣ መውጣትም የለበትም። "ጨምሬባቸውም አልወጡም" ብለህ አትናደድ፣ እንዲወጡ ብለህ ከሆነ የጨመርከው መጀመሪያውኑ ተሳስተሃል።

ታዲያ አልጨምርም? ጨምር እንጂ! ግን ለማስከፈል ነው። አንተ ተጨማሪ 2 ታስገባለህ፣ ሦስቱ 6 ያስገባሉ። አራት ሰው ስትሆኑ ከአራት አንዴ በላይ የምታሸንፍ ከሆነ ይሄ ትርፍ ነው፣ እንዲህ ባለ ፍሎፕ ላይ ደግሞ ኪንግ ከኤስ አጃቢ ጋር አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ያሸንፋል።

ሦስተኛው ነገር አንተ መጀመሪያ የምትወስን ስትሆን ነው፣ ልጆቹ ብዙ ጊዜ የሚያልፉት። አስቀድሞ የጨመረው ሰው የት ተቀምጧል? ወዲያው በግራህ ከሆነና ቶሎ የሚጋጋል ዓይነት ከሆነ አንተ ራስህ አስይዝ፤ እሱ ይጨምርልሃል፣ ከሱ በኋላ ያሉት እጥፍ ይጠየቃሉ። በተቃራኒው መጨረሻ ላይ ያለው አዳዩ ከሆነ ዝም ብለህ እለፍ፣ ሌሎቹም ወደ እሱ እያዩ ያልፋሉ፣ እሱ ያስይዛል፣ አንተ ትጨምርበታለህ፤ አሁን መሐል ያሉት በሙሉ ምንም ሳይከፍሉ ቆይተው ድንገት 4 ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ አንዱ "አለፍክ፣ ከዚያ ጨመርክ፣ ይሄ ነውር ነው" ቢልህ አትስማው፣ ሕጉ ይፈቅዳል።

ሁለት ሰው ብቻ ስትቀሩ ደግሞ የቀኝ የግራው ጣጣ የለም። የሚያስወጡት ሦስተኛ ሰው ስለሌለ ጥንድህ ይሻላል ብለህ ካመንክ ጨምር፣ አለቀ። በነገራችን ላይ ሁለት ሰው የሚጫወተውን ሊሚት ሆልደም፣ ይሄንኑ እኛ የምንጫወተውን የፖከር ዓይነት፣ ካናዳ ያለው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ፈትተውታል፤ ጥር 2015 እ.ኤ.አ. ነው ይፋ ያደረጉት፣ ፕሮግራሙ ሴፊየስ ይባላል። ሰው ዕድሜ ልኩን ቢጫወትበት ዕድልን አልፎ ያሸንፈዋል ማለት እስከማይቻል ድረስ የተጠጋ ነው። ግን ለሁለት ሰው ብቻ። ስድስት ሰው፣ ሁለት ወሬኛና አንድ የሚተኛ ሰው ያለበትን የእኛን በረንዳ አልፈታውም።

5. ተርን እስኪመጣ መጠበቅ

ይሄ ትንሽ ትዕግስት ይፈልጋል፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ነው። አንዳንዴ ገና ፍሎፕ ሳይወርድ መሐሉ በጣም ያብጣል። ያን ጊዜ ፍሎፕ ላይ በ2 መጨመር የሚያስወጣው ሰው የለም።

አንተ ትልቁ ብላይንድ ነህ፣ ጃክ ጥንድ ይዘሃል። አንዱ ጨመረ፣ ሁለቱ ከፈሉ፣ በቀኝህ ያለው ትንሹ ብላይንድ በላዩ ላይ ጨመረ፣ አንተም ከፈልክ፣ ሁሉም ከፈለ። አምስት ሰው በ6፣ 30 ቆርኪ። 10፣ 7፣ 3 ወረደ። የቀኝ ጎረቤትህ 2 አስያዘ። ብትጨምር መሐሉ 36 ይሆናል፣ ቀጣዩ 4 ይጠየቃል፣ ለአንድ ቆርኪ 9። 7 ጥንድ የያዘው ከ8 በላይ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ ስለዚህ በደስታ ይቆያል። ሬይዝህ ማንንም አልነካም።

እንጠብቅ እንበል። ዝም ብለህ 2 ክፈል፣ ሁሉም ከፍሎ 40 ሆነ። ተርን ላይ ምንም የማይለውጥ ካርታ ወረደ፣ 2 ወይም 4 ዓይነት። ጎረቤትህ እንደገና አስያዘ፣ አሁን 4 ነው፣ 44። አንተ ወደ 8 አሳደግህ፣ 52። ቀጣዩ ሰው 8 አውጣ ተባለ፤ ለአንድ ቆርኪ ስድስት ተኩል ብቻ። 7 ጥንድ የያዘው አሁን መቆየት አይችልም፣ ከቆየም ከስሮ ነው። ተርኑ ኤስ ወይም ኪንግ ቢሆን ደግሞ ፍሎፕ ላይ ያልጨመርከው 2 ቆርኪ ኪስህ ውስጥ ነው፤ ጎረቤትህ አስይዞ ሌላው ሲጨምር ሹልክ ብለህ ትወጣለህ።

ይሄን ስታደርግ ሦስት ነገር መሟላት አለበት። መሐሉ ትልቅ መሆን፣ ከኋላህ ብዙ ሰው መኖር፣ በቀኝህ ያለው ሰው ተርን ላይም ማስያዙ የማይቀር መሆን። የመጨረሻው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ጎረቤትህ ተርን ላይ ካለፈ አንተ 4 ብታስይዝም ቀጣዩ 44 ለማግኘት 4 ነው የሚከፍለው፣ ለአንድ 11፣ ሁሉም ይቆያል፣ የጠበቅከው በከንቱ ሆነ። ስለዚህ ጎረቤትህን እወቀው። መጀመሪያ ዙር ላይ በሌላ ሰው ላይ የጨመረና ካርታ ባየ ቁጥር እጁ የሚያሳክከው ከሆነ ጠብቅ። ፈሪ ከሆነ አትጠብቅ፣ ፍሎፕ ላይ ጨርስ። ሌላው፣ ጎረቤትህ ኤስ፣ ኪንግ ወይም ኩዊን ጥንድ ካልያዘ የማይጨምር ሰው ከሆነ ጃክ ጥንድህ ቀድሞውኑ ተበልጧል፤ ይሄ ሁሉ ጥበብ ለማን ነው?

መሐሉ ትንሽ ሆኖ መጠበቅ ግን አልመክርም። የ17 ቆርኪውን ምሳሌ ተመለስና እየው፤ እዚያ ፍሎፕ ላይ መጨመሩ ራሱ ሥራውን ይሠራል። ሁሌ ተርን የሚጠብቅ ሰው ለአምስት ሰው በርካሽ ካርታ እያሳየ ነው።

6. ስትጨምር ሲጨመርብህ

ተርን ላይ ጨመርክ፣ አንዱ መልሶ ጨመረብህ። ማን እንደሆነ እየው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው ሲከፍሉ የቆዩት ጋሼ ከሆኑ አንድ ጥንድህ አልቆለታል፤ እሳቸው ሁለት ጥንድ ወይም ከዚያ በላይ ሳይዙ ተርን ላይ አይጨምሩም። "ጋሼ፣ ደግሞ ሊጨምሩ ነው?" ብለህ በትሕትና ጠይቃቸው፣ ፈገግ ይላሉ፣ መልስ አይሰጡም። አትጨምርባቸው። የባጃጅ ሾፌሩ ልጅ ከሆነ ግን ፍላሽ እየጠበቀም ይጨምራል፣ ኤስ ብቻ ይዞም ይጨምራል፤ ክፈለው፣ እስከ መጨረሻም ሂድ።

ክፈል ወይስ ጣል በሚለው ላይ ሊሚት የራሱ ጠባይ አለው። ሪቨር ላይ የሱ 4 ተጨምሮ መሐሉ 40 ሆኗል እንበል፣ አንተ 4 ነው የምትጠየቀው። ከ11 አንዴ ካሸነፍክ አልከሰርክም። ስለዚህ "ተበልጫለሁ መሰለኝ" ብሎ ትልቅ ፖት፣ ማለትም መሐል የተከማቸውን ቆርኪ፣ ጥሎ መሄድ ውድ ነው፤ "መሰለኝ" አይበቃም፣ እርግጠኛ ልትሆን ምንም ያህል አይቅርህ። መክፈልና መጨመር ግን የተለያዩ ናቸው። ለመክፈል ትንሽ ተስፋ ይበቃል፣ ለመጨመር ደግሞ የሚከፍሉህ ሰዎች ካንተ ያነሰ እጅ ይዘው መሆን አለበት።

7. ሪቨር

አጭር ነው። ካርታ ሁሉ ወርዷል፣ የሚጠብቅ ሰው የለም፣ ስለዚህ የሚወጣም የሚያስፈራም ነገር የለም። ሁሉም አልፎ ወደ አንተ ከመጣ አስይዝ፤ ሰው በ4 ቆርኪ የአንተን ካርታ ለማየት ሲል በደካማ ጥንድ ይከፍላል፣ እዚህ ላይ የሚያፍሩ ልጆች ብዙ ቆርኪ ያጣሉ።

በቀኝህ ያለው አስይዞ በግራህ ገና ሰው ካለ በአንድ ጥንድ አትጨምር። ክፈል ብቻ። ብትጨምር ደካማው ይጥላል፣ የሚቆየው የሚበልጥህ ነው፤ ብትከፍል ግን ከኋላህ ያለው "እኔም ልየው" ብሎ 4 ሊያስገባልህ ይችላል። ሁለት ብቻ ከሆናችሁና ያስያዘው የባጃጁ ልጅ ከሆነ፣ ጠረጴዛው ላይም ፍላሽና ስትሬት የሚያስጠረጥር ነገር ከሌለ፣ ኤስና ኪንግ ይዘህ ኪንግ ጥንድ ላይ አንዴ ጨምርበት። መልሶ ከጨመረ ክፈልና ካርታውን እየው።